«ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» ከድሬሰር እስከ ደረጃ አራት ነርስ



ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ስለ ሕመም አልነበረም። ላኪዋ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የተወለደችው ግን አምባሰል፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳትነት ስትሠራ ቆይታ አሁን «ኤልፒኤን» የሚባለውን ትምህርት ልትጀምር ነው። እናቷ በስልክ «ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ? ሀኪም ልትሆኚ ነው?» ሲሏት «አይ፣ ሀኪም አይደለም» አለች። «እሺ ሲስተር ነው?» ሲሏት ደግሞ «እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም» ብላ ዝም አለች። መልእክቷ የሚያበቃው «ዶክተር፣ ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» በሚል ጥያቄ ነው።

አጭሩን መልስ ወዲያው ጻፍኩላት፦ «ድሬሰር በያቸው፤ ይገባቸዋል።»

ረጅሙን መልስ ግን ለሁላችሁም ላጫውታችሁ። ከእናንተ መካከል ዕድሜያችሁ ከሃምሳ በላይ የሆነ፣ በተለይ ከደሴ በስተሰሜን በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ መንገድ ያደጋችሁ፣ የመጀመሪያውን መርፌ የወጋችሁ ሰው ሀኪም አልነበረም። «ዶክተር» ብላችሁ ትጠሩት ነበር እንጂ ዶክተር አልነበረም።

መጀመሪያ ኤልፒኤን ምን እንደሆነ ባጭሩ። በአማርኛ ብንለው «ፈቃድ ያላት የተግባር ነርስ» እንደማለት ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ ከዚያ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ ፈተናውን ያለፈ ሰው ከሚሠራበት ስቴት ፈቃድ ይቀበላል። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ «ኤልቪኤን» ይሉታል፤ ሥራው ያው ነው። መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ትለካለች፣ የሽንት ቱቦ ታስገባለች፣ በሽተኛውን ታገላብጣለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቡ ትውላለች። የምትሠራው በባለሙሉ ፈቃድ ነርስ ወይም በሀኪም ሥር ሆና ነው። የበሽተኛውን የመጀመሪያ ምርመራ አድርጎ የእንክብካቤውን ዕቅድ ማውጣት በአብዛኛው የእሷ ድርሻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ በመደበኛ ትምህርት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ባላርድ በሚባል ትምህርት ቤት ነው። ያኔ የጥቂት ወራት ኮርስ ነበር። ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ስቴት ሚሲሲፒ ሲሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1914 ነው።

«በሀኪም ሥር ሆና» ያልኩትን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን። «ድሬሰር» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው። ቁስል የሚያጥብ፣ የሚያሽግ ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ እንደገና ስትቋቋም ሀኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ ያውም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። ሀኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን እስኪጀመር፣ ማለትም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እስኪከፈት ድረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1964 መጠበቅ ነበረበት። በመካከሉ ሕዝቡ መታመሙን አላቆመም። ስለዚህ ሆስፒታሎቹ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ በአብዛኛው ወንዶች የሆኑ ወጣቶችን እየወሰዱ ለወራት ወይም ለአንድ ዓመት ያህል ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ የተለመዱትን በሽታዎች መለየትና ጥቂት መድኃኒቶችን መስጠት አስተማሯቸው። ልምድ ያካበቱት ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው «አድቫንስድ ድሬሰር» ተባሉ።

ነርስነት በዋና ከተማው ሌላ መልክ ነበረው። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ስታርፍ መታሰቢያዋ እንዲሆን በስሟ ሆስፒታል ተሠራ። ነጭ ቆብ ያደረገችው «ሲስተር» በከተማው ሰው ዓይን የተከበረች ሆነች። በገጠሩ ግን ሲስተርን ያየ ጥቂት ነው። ገጠሩ ያየው ካኪ ሱሪ ለብሶ በበቅሎ የሚመጣውን፣ የቆዳ ቦርሳውን ከኮርቻው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረውን ድሬሰር ነው።

በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. ጎንደር ደምቢያ ላይ የተነሳው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ያ እልቂት ከገፋፋቸው ውሳኔዎች አንዱ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈት ነው። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሀኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር፤ ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው አንድ ጤና ጣቢያ ይመራሉ፣ ጣቢያው 50,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል የሚል ዕቅድ ነበረው። ያማረ ሐሳብ ነው፤ ከጊዜውም የቀደመ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ከጤና ጣቢያው ሥር ትናንሽ ክሊኒኮች ነበሩ፤ በእነዚያ ክሊኒኮች ውስጥ የተቀመጠው ማን ነበር? ድሬሰሩ። ብዙውን ጊዜ ብቻውን።

ወባው ገና አልጨረሰም ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ በአገሪቱ ከታዩት ሁሉ የከፋው ወረርሽኝ ተነሳ። ግምቱ ሦስት ሚሊዮን ታማሚና 150,000 ሟች ነው። የመታው ደግሞ ቆላውን ብቻ አይደለም፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ ሰው ወባን ባልለመደበት ወይናደጋ ነው። ሐይቅ ከተማ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ስታስቡ የዚህ አገር ሰው «ንዳድ» የሚለውን ቃል ለምን እንደማይረሳ ይገባችኋል። ያንን ወረርሽኝ በክሎሮኪን እንክብል የተጋፈጡት በአብዛኛው እነዚሁ በወራት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው።

መንገዱን የማታውቁ ካላችሁ፦ ከደሴ ወደ ሰሜን ስትወጡ መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ነው። በሚሲዮናውያን የተጀመረውና በሥጋ ደዌ ሕክምናው ለረጅም ጊዜ የታወቀው ሆስፒታል እዚያ አለ። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ፤ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ከጎኗ ናቸው። ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ የአምባሰል ተራሮች በግራችሁ እየገዘፉ ውጫሌ ትገባላችሁ፤ ያች ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ። አስፋልቱ ከታች ነው፣ ሕዝቡ ግን ላይ ነው። ከአምባሰል ደጋ የታመመ ሰው ይዞ መውረድ ማለት ቃሬዛ፣ አራትና ስድስት ተሸካሚ፣ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነበር። ወደ ክሊኒኩ የሚወርደው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወጌሻው ጋ ሄዷል፣ ጠበል ተጠምቋል ወይም ሼሁ ዱዓ አድርገውለታል፤ ሁሉም ሞክረው ሲያቅታቸው ነው ወደ ድሬሰሩ የሚመጣው። የመጨረሻው በር እሱ ነበር ማለት ነው። ደሴ ድረስ መኪና የሚያሳፍር ገንዘብ ያለው ስንቱ ነው?

የዚያ ዘመን ክሊኒክ ምን እንደሚመስል ወጣቶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ቡታጋዝ። ስሪንጁ የመስታወት ነው፤ መርፌው ተቀቅሎ፣ ሲደነዝዝም በድንጋይ ተስሎ እንደገና ይሠራል። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ፔኒሲሊን፣ ሰልፋ፣ ክሎሮኪን፣ አስፕሪን፣ ለዓይን ማዝ የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ለቁስል ያ ሐምራዊ ጂቪ። ላቦራቶሪ የለም፣ ኤክስሬይ የለም፣ የሚጠየቅ የበላይ የለም። በገበያ ቀን በሩ ላይ መቶ ሰው ይሰለፋል።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቃል መልሱልኝ። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን አንድ ዓመት ተምራ በሀኪምና በነርስ ሥር ትሠራለች። በሽተኛው ከአቅሟ በላይ ሲሆን የምትጠራው ሰው አለ፤ እንዲያውም ፈቃዷ ሳትጠራ እንዳትቀር ያስገድዳታል። የእኛ ድሬሰር ተመሳሳይ ወይም ያነሰ ጊዜ ተማረና ከበላዩ ማንም ሳይኖር ብቻውን ተቀመጠ። የትምህርቱ ማነስ ያን ያህል አያስገርመኝም፤ ዓለም ሁሉ እንዲህ ያለ ባለሙያ ያስፈልገዋል። የሚያሳዝነኝ፣ ሥራው ረዳትነት ሆኖ ሳለ የሚረዳው ሀኪም አለመኖሩ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲመታ ሰው ከደጋውም ከቆላውም ወደ አስፋልቱ ወረደ። በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች መጠለያዎች በቀሉ። አስተውሉ፤ በመጠለያ ውስጥ ብዙውን ሰው የሚገድለው ባዶ ሆድ ብቻውን አይደለም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦና ግርሻ ናቸው። የተራበ ሕዝብ ተጨናንቆ ሲተኛ፣ ልብስ የሚያጥብበት ውሃ ሲያጣ ቅማል ይራባል፣ ቅማል ተስቦንና ግርሻን ይዛ ከሰው ወደ ሰው ትሄዳለች። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አየው፤ ቀድሞ ያዩት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲወጉና ሲያጠቡ የዋሉት ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ መቀሌ ላይ ለቀይ መስቀል ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊት ነርስ ክሌር በርቺንገር ከብዙ ሕፃናት መካከል የትኛው ምግብ እንዲያገኝ ለመምረጥ መገደዷን ዓለም ሰምቶ አልቅሷል፣ ይገባታልም። እኔ ግን ያንን ባነበብኩ ቁጥር ከአጠገቧ ሆነው ሲሠሩ የነበሩት የእኛ ጤና ረዳቶች ትዝ ይሉኛል። በየመጽሐፉ ስማቸውን ብትፈልጉ አታገኙም።

ስለ ግርሻ ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት እውነተኛው ምክንያትም እሱ ነው።

ገና ጀማሪ ሀኪም ሆኜ በተመደብኩበት ቦታ (የት እንደሆነ ይቅር) አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው የቀን ሠራተኛ መጣ። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ ነስር፣ ዓይኑ ቢጫ ብሏል። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠመዝማዛዎቹ ተሐዋስያን ተገኙ፤ ግርሻ ነው። በኩራት ፔኒሲሊን አዘዝኩ። አልጋ እጥረት ስለነበር «መርፌውን ይውሰድና ይሂድ፣ ነገ ይመለስ» አልኩ። መርፌውን የሚወጋው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ በድሬሰርነት ጀምሮ ጤና ረዳት የሆነ ሰው ነበር። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ካርዱን አየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ «ዶክተር፣ እርስዎ ያዘዙት ትክክል ነው። ግን ይሄ ልጅ ዛሬ ከዚህ አይውጣ» አለኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«መርፌው ከገባ በኋላ ይንቀጠቀጣል። በመንገድ ላይ ከሆነ ይሞታል።»

መጽሐፉን አንብቤው ነበር። በግርሻ ውስጥ መድኃኒቱ ተሐዋስያኑን በአንድ ጊዜ ሲገድላቸው ሰውነት በኃይል ይቆጣል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሙቀቱ ይተኮሳል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ለዚህ የተሰጠው ባለ ሁለት ስም ጀርመንኛ መሰል ቃል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ግን ከፊቴ የቆመውን ልጅ ሳየው ትዝ አላለኝም። ጋሼ ስሙን አያውቀውም፤ ነገሩን ግን በዓይኑ ብዙ ጊዜ አይቶታል።

ልጁን ኮሪደር ላይ ፍራሽ አነጠፍንለት። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደተባለው ሆነ። አጥንቱ እስኪንኳኳ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አላበው፣ ከዚያ ግፊቱ ወረደ። ጋሼ ግሉኮሱን አስቀድሞ ሰቅሎ ጠብቆ ነበር። በየአሥራ አምስት ደቂቃው ግፊቱን ይለካል፣ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ያብሳል፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ መድኃኒቱ ነው» ይለዋል። እኔ ሌላ በሽተኛ ለማየት እየሄድኩ እመለሳለሁ፤ እሱ አልተነሳም። ልጁ ጠዋት ሻይ ጠጣ።

የተግባር ነርስ ሥራ ምንድን ነው ለምትሉኝ መልሴ ያች ሌሊት ናት። ሀኪሙ አዝዞ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሲሠራና ሲጎዳ እዚያ ሆኖ የሚያየው የሚቀረው ሰው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ደርግ ሲመጣ ድሬሰር የሚለው ስም እየቀረ «ጤና ረዳት» የሚለው ነገሠ። ሥልጠናው በሥርዓት ተደራጀ፣ ሴቶችም በብዛት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ መንግሥታት «መሠረታዊ ጤና ለሁሉም» ብለው ሲፈራረሙ ኢትዮጵያም ከገበሬ ማኅበራት የተመረጡ የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችንና የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን ጀመረች፤ ጤና ረዳቱም ክሊኒኩን እየሠራ እነሱን መቆጣጠር ተጨመረበት። ከዚያ በፊት፣ ከጥር 1963 ጀምሮ በተካሄደው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ተራራ ለተራራ የዞሩት ሳኒታሪያኖች፣ ድሬሰሮችና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ነው። ዛሬ ልጆቻችሁ ፊታቸው ያልተጠቋቆረው በዚያ ምክንያት ነው።

ከ1983 በኋላ ደግሞ ሌላ ለውጥ። የጤና ረዳት ሥልጠና ቆመ። የነበሩት «ትምህርታችሁን አሻሽሉ» ተባሉና ጁኒየር ነርስ፣ ከዚያም ዲፕሎማ ነርስ ሆኑ፤ ያልቻሉት በነበሩበት ቀሩ። ቀጥሎ የሙያ ደረጃ መጣና ዲፕሎማው «ደረጃ አራት» ተባለ፣ የብቃት ምዘናው ሲኦሲ መጣ። አንድ ሰው በአንድ የሥራ ዘመኑ ድሬሰር፣ ጤና ረዳት፣ ጁኒየር ነርስ ተብሎ ሊጠራ ይችል ነበር። በየጊዜው ፈተና፣ በየጊዜው ወረቀት፣ በየጊዜው «አንተ እኮ ገና ነህ»። ሃያ ዓመት ያዋለደ ሰው ከልጁ እኩያ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ማዋለድ ሲፈተን አስቡት።

ይህን ስል ፈተናው አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የታሪኩን ሌላ ገጽም መናገር አለብኝ። ሕዝባችን መርፌ ይወዳል። «ክኒን ሰጥቶ ሰደደኝ» የሚል በሽተኛ ቅር ብሎት ነው የሚወጣው። ከድሬሰሮቹ አንዳንዶቹ ደመወዛቸው አልበቃ ሲል ማታ ማታ በቤታቸው መውጋት ጀመሩ። እነሱን አይተው ደግሞ ምንም ያልተማሩ መርፌ ወጊዎች በየመንደሩ በቀሉ። በሚገባ ባልተቀቀለ መርፌ የጉበት ቫይረስ ተላልፏል፤ በኋላም ኤችአይቪ ሲመጣ አደጋው ባሰ። መቀመጫ ላይ ያለቦታው በተወጋ መርፌ ትልቁ ነርቭ ተጎድቶ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ልጅ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ አንድ ብቻ አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ ተወግቶ፣ የሚያነቃው መድኃኒት አጠገቡ ሳይኖር በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፈቃድ ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሳይሆን «ይህን እችላለሁ፣ ይህን አልችልም፣ ካልቻልኩ ለእገሌ አስረክባለሁ» የሚል ውል ነው። ሦስተኛው ቃል፣ «አስረክባለሁ» የሚለው፣ በድሬሰሩ ዘመን የሚፈጸምበት መንገድ አልነበረም።

እንግዲህ እናንተ ዛሬ ማድረግ የምትችሉት አለ። መርፌ በቤታችሁ ወይም በሰፈር ሰው እጅ አትወጉ። ስሪንጁ ከማሸጊያው ፊታችሁ ይውጣ። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት አስቆጥቷችሁ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ መርፌ ከተወጋችሁ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ከጤና ተቋሙ አትራቁ። «ስምህ ማን ነው፣ ነርስ ነህ ወይስ ሀኪም?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም ደህና ባለሙያ ደስ ይለዋል። በድንገት ጀምሮ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለባችሁ፣ በተለይ ተጨናንቃችሁ የምትኖሩ ከሆነና ልብስ ላይ ቅማል ካያችሁ፣ ወባ ነው ብላችሁ በራሳችሁ መድኃኒት አትጀምሩ። ደማችሁ ይታይ። ልብሱን ቀቅሉት። ነርሷ «ዛሬ እዚህ እደሩ» ካለቻችሁ ደግሞ እደሩ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሐይቅ የራሷ ሆስፒታል አላት። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 16 የጤና ፓኬጆች ይዘው በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ሆነው ተሰማሩ። እነሱም በተራቸው «ደረጃ አራት ድረሱ» ተብለው እየተማሩ ነው፤ ታሪክ ራሱን ይደግማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመሩት ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቹ የደም ግፊት መለኪያ እንኳ ሳይኖራቸው፣ የአያቶቻቸውን ዓይነት ሥራ በአያቶቻቸው ዓይነት ዕቃ ሠርተዋል ብል አላጋነንኩም።

ውጭ አገር ላላችሁና ይህን መስመር ለመግባት ለምታስቡ አንድ ቃል፦ አገር ቤት ያገኛችሁት ዲፕሎማ ወይም ደረጃ አራት በቀጥታ ፈቃድ አያሰጥም። የምትኖሩበት ስቴት የነርሶች ቦርድ ማስረጃችሁን አስገምግሞ ነው ለፈተና የሚያስቀምጣችሁ። ስለዚህ የትምህርት ቤት ከመመዝገባችሁና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቦርዱን ጠይቁ፤ የተማራችሁት የሚያዝላችሁ ከሆነ ዓመት ታተርፋላችሁ።

ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ትናንት መልሳ ጻፈችልኝ። ለእናቷ ደውላ «ድሬሰር ልሆን ነው» ብላቸዋለች። እናቷ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንደዚያ በቅሎው እንደነበረው ሰውዬ?» አሏት። አዎ ስትላቸው፣ እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሆና ኩፍኝ ሲይዛት ያ ሰውዬ ሦስት ቀን ተመላልሶ እንዳየላቸው፣ ገንዘብ ሲሰጡት እንዳልተቀበለና ለበቅሎው ገብስ ብቻ እንደወሰደ ነገሯት። ይህን ከዚህ በፊት ነግረዋት አያውቁም።